ከደረት እስከ ዳዴ፦ ጨቅላን በሆዱ ማለማመድ

ጨቅላ ልጅ ሲተኛ በጀርባው፣ ነቅቶ ሲጫወት በሆዱ። በመጀመሪያው ዓመት አንገት የሚጸናው፣ ወገብ የሚጠነክረውና መዳህ የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ ልማድ ነው። በጀርባ ማስተኛት ድንገተኛ የጨቅላ ሞትን ስለሚቀንስ ለቀንም ሆነ ለሌሊት እንቅልፍ ልጁ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ፤ ፍራሹ ጠንከር ያለና ዝርግ ይሁን፣ ትራስም ሆነ አሻንጉሊት አይኑርበት። ቀኑን ሙሉ በጀርባው የሚውል ልጅ ግን አንገቱንና ትከሻውን የሚያሠራበት ጊዜ አያገኝም። የራስ ቅሉም ገና ለስላሳ ስለሆነ በተኛበት በኩል ጠፍጠፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ልጅ ነቅቶ ሳለ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲቆይ ይመክራል። ይህ ተደምሮ ነው እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም።

በጊዜው የተወለደ ጤናማ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጀመር ይችላል፤ በመሬት ላይ ሳይሆን በእናቱ ወይም በአባቱ ደረት ላይ። ወንበር ላይ ጋደል ብለው ልጁን ደረትዎ ላይ በሆዱ ያድርጉትና ያነጋግሩት። ፊትዎን ለማየት ራሱን ቀና ያደርጋል። ቀና ብለው በተቀመጡ መጠን ለልጁ ይቀለዋል፣ ወደ ኋላ በተጋደሙ መጠን ይከብደዋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ይበሉ። እንቅልፍ እንቅልፍ ካልዎት ግን ይተዉት። ልጅን ደረት ላይ አድርጎ ሶፋ ላይ ማንቀላፋት ለልጁ በጣም አደገኛ ነው።

ወደ መሬት ሲያወርዱት ቀጭን ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል። ለስላሳ አልጋ አይሆንም፤ ክርኑ ይሰምጣል፣ የሚገፋበት ያጣል፣ ፊቱም ሊሸፈን ይችላል። ጥሩው ሰዓት ከእንቅልፉ ነቅቶ ዳይፐሩ ከተቀየረ በኋላ ነው። ጡት ወይም ጡጦ ከጠባ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አለበለዚያ ሆዱ ሲጫን ያስመልሰዋል፣ ከዚያም በሆዱ መሆንን ይጠላል።

ወደ ሆዱ የሚገለብጡበት መንገድ ራሱ ልምምድ ነው። ብድግ አድርገው ከላይ በፊቱ አይድፉት፤ ድንገት ሲወርድ ይደነግጣል፣ እጆቹን ወዲያና ወዲህ ዘርግቶ ያለቅሳል። ይልቁንስ በጀርባው ያጋድሙት። በቀኙ የሚገለብጡት ከሆነ ቀኝ ክንዱን ከጆሮው አጠገብ ወደ ላይ ይዘርጉለት። ግራ ጉልበቱን አጥፈው በቀኝ እግሩ ላይ ያሻግሩትና ዳሌውን ቀስ ብለው ይሳቡ። ዳሌው ሲዞር ደረቱ ይከተላል፣ በመጨረሻም ራሱ ይዞራል። በጎኑ ላይ ሲደርስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያቆዩት፤ የቀረውን እሱ ይሞክር። ከዞረ በኋላ ከሥር የቀረውን ክንድ አውጥተው ሁለቱንም ክርኖች ከትከሻው ሥር፣ ትንሽ ወደፊት ያድርጉለት። ክርኑ ወደ ኋላ ከቀረ ምንም ያህል ቢታገል ራሱን ማንሳት አይችልም፤ «ልጄ በሆዱ መሆን አይወድም» የሚሉ ብዙ ወላጆች ክርኑን ሲያስተካክሉለት ነገሩ ይለወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ በግራ በኩል ይገልብጡት።

አሁን እርስዎም ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ይተኙ። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ፊትዎን ከዚያ አያርቁት። በመጀመሪያ ሳምንታት ከ1 እስከ 2 ደቂቃ በቂ ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ሳያለቅስ በፊት ያንሱት። ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ማጉረምረም ከጀመረ ደክሞታል ማለት ነው።

የሚከብደው ከሆነ ትንሽ ፎጣ ጠቅልለው ከብብቱ ሥር ያግቡለት፤ ክንዶቹ ከጥቅልሉ ወደፊት ይለፉ፣ አገጩ ግን ጥቅልሉ ላይ አይረፍ። ከዚህ የሚቀል ሌላ ዘዴም አለ፦ መዳፍዎን መቀመጫው ላይ አድርገው በጣም በቀስታ ወደ እግሩ በኩል ይጫኑ። የጨቅላ ክብደት ወደ ራሱና ወደ ደረቱ ያደላል፤ ዳሌው መሬት ሲይዝለት ራሱን ማንሳት ይቀለዋል።

በ1 ወሩ ለቅጽበት ራሱን አንስቶ ጉንጩን ይቀይራል። በ2 ወር ገደማ ግማሽ ያህል ቀና ይላል። በ3 እና በ4 ወር መካከል በክርኑ ተደግፎ ፊት ለፊት ያያል፤ በ6 ወር ገደማ ክንዱን ዘርግቶ በመዳፉ ይገፋል።

በየሳምንቱ የልጁን ራስ ከላይ ሆነው ይመልከቱ። አንዱ ጎን ጠፍጠፍ ብሎ ወይም አንዱ ጆሮ ከሌላው ወደፊት ወጥቶ ከታየ ልጁ ወደ አንድ ጎን ብቻ እየዞረ ነው። አልጋው ላይ የራስጌውንና የግርጌውን ቦታ ይለዋውጡ፤ ልጅ ሰው ወደሚመጣበት በኩል ይዞራልና። ጡጦ ሲሰጡም የሚያቅፉበትን ክንድ ይቀያይሩ። አንገቱ ወደ አንድ በኩል ሲዞር የሚገታው ከሆነ ወይም የአንገቱ ጡንቻ ላይ እብጠት ከተዳሰሰ ግን ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳዩት። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተጀመረ የአንገት ጡንቻን ማሳሳብ በቶሎ ይሠራል፤ ሲቆይ ይከብዳል።

መገለባበጥ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይመጣል። ለመገልበጥ መሞከር የጀመረ ዕለት በጨርቅ ጠቅልሎ ማስተኛት ይቅር፤ እጁ የታሰረ ልጅ በሆዱ ከዞረ ራሱን ማዳን አይችልም። ከአልጋም ሆነ ዳይፐር ከሚቀየርበት ጠረጴዛ ላይ የሚወድቁ ልጆች ብዙዎቹ «ገና አይገለበጥም» የተባለላቸው ናቸው፤ ዳይፐር ለማንሳት ዘወር ሲሉ አንድ እጅዎ ከሆዱ ላይ አይነሳ። በሁለቱም አቅጣጫ መገልበጥ የሚችል ልጅ በእንቅልፉ ራሱ ከዞረ መመለስ አያስፈልግም፤ ሲያስተኙት ግን አሁንም በጀርባው ነው።

መቀመጥን አታቻኩሉት። በትራስ ተከቦ የተቀመጠ ልጅ የያዘው ትራሱ እንጂ ወገቡ አይደለም፤ ጀርባው ይጎብጣል፣ ገና አንገቱ ያልጸና ከሆነም አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ትንፋሹን ያውካል። ወለል ላይ ተቀምጠው በእግሮችዎ መካከል ያስቀምጡት። ሲጀምር ጎድኑ አካባቢ ይያዙት፣ ሲጸና እጅዎን ወደ ዳሌው ያውርዱ። መጀመሪያ ሁለት እጁን ፊት ለፊቱ ተክሎ ይቀመጣል። እጁን ማንሳት ሲችል አሻንጉሊቱን ወደ ጎኑ ያርቁት፤ ዞሮ ሲደርስበት ሚዛን መጠበቅን ይማራል። ከመሬት ሲያነሱትም ሁለት እጁን ይዘው ከመጎተት ይልቅ በጎኑ አዙረው፣ ክርኑን አስደግፈው ያስነሱት። ራሱ መቀመጥ የሚማረው በዚህ መንገድ ነው።

መዳህ ሲጀምር ብዙ ልጆች ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ክንዳቸው ከእግራቸው ቀድሞ ስለሚጠነክር ሲገፉ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። መዳፍዎን ከእግሩ ሥር ግድግዳ አድርገው ቢይዙለት ገፍቶ ወደፊት ይሄዳል። በሆዱ የሚሳብ፣ በመቀመጫው የሚንፏቀቅ፣ ጭራሽ ሳይድህ የሚቆምም አለ፤ ይህ ብቻውን ሕመም አይደለም።

መዳህ ከመጀመሩ በፊት እርስዎ በአራት እግር ሆነው ቤቱን ይዙሩ። ከዚያ ከፍታ የሚታየው ሌላ ነው፦ ሶኬት፣ የተንጠለጠለ የቻርጀር ገመድ፣ ከሶፋ ሥር የገባ ሳንቲም። በሶፍት ጥቅልል መሐል ባለው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ሊያንቀው ይችላል። ከሁሉ የከፋው የሰዓትና የሪሞት ክብ ባትሪ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል። ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ባለ ጎማ መራመጃ አይግዙ። ልጁ በጣቶቹ ጫፍ እየገፋ ስለሚሄድ መራመድን አያፋጥንለትም፣ ከደረጃም ይጥለዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። «ወፌ ቆመች» የሚባልበት ቀን ሲደርስም ቤት ውስጥ ባዶ እግር ከጫማ ይሻላል፤ ጣቶቹ ወለሉን ይቆነጥጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በሠራው የዕድገት ጥናት ጤናማ ልጆች ያለ ድጋፍ የተቀመጡት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ በጉልበትና በእጅ የዳሁት ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፣ ብቻቸውን የተራመዱት ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በመካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ሄደ ተብሎ አይጨነቁ። ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ደግሞ የቀረውን ጊዜ ይቀንሱ፦ 2 ወር ቀድሞ የተወለደ የ6 ወር ልጅ የሚለካው እንደ 4 ወር ልጅ ነው።

ሐኪም የሚያስፈልገው በ4 ወሩ ራሱን መያዝ ካልቻለ፣ 9 ወር አልፎት ካልተቀመጠ፣ ሰውነቱ በጣም ከደረቀ ወይም እንደ ጨርቅ ከላላ፣ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ነው። ይችል የነበረውን ነገር ካቆመ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ሲሄዱም ቤት ውስጥ መሬት ላይ ሲጫወት በስልክ የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ፤ ልጅ በማያውቀው ክፍል ውስጥ የሚችለውን አያሳይም።