የወገብ ፋሴት ነርቭ በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ሲቃጠል ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከፋሴት መገጣጠሚያ (በጀርባ አጥንቶች መካከል ካለው ትንሽ መገጣጠሚያ) የሚነሣን የወገብ ሕመም ለማስታገስ ሕመሙን የሚያስተላልፈውን ሚዲያል ብራንች የተባለውን ነርቭ በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ (በከፍተኛ ድግግሞሽ ኤሌክትሪክ በሚፈጠር ሙቀት) ማቃጠል የሚጀምሩ ሐኪሞች አብዝተው የሚሠሩት ስህተት መርፌውን በነርቩ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ነው። አልፈርድባቸውም፤ በሲ-አርም (በሥራው ጊዜ በሚታየው የኤክስሬይ መሣሪያ) ሥዕል ላይ ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፤ ጫፉ ልክ ዒላማው ላይ ያረፈ ይመስላል፤ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ጀነሬተርም 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳያል። ይሁን እንጂ የተለመደው ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰው ዘንግ) የሚያቃጥለው ከጫፉ ወደ ፊት ሳይሆን ሽፋን በሌለው ክፍሉ ዙሪያ ወደ ጎን ነው፤ ተመራማሪው ቦግዱክና ባልደረቦቹም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1987 አሳይተዋል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የገባ መርፌ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ሲያበስል ነርቩን በከፊል ብቻ ይነካዋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይነካው ያልፋል። ትክክለኛው አሠራር ሲ-አርሙን ወደ እግር በኩል አዘንብሎ፣ ከታችና ከጎን ገብቶ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን የመርፌውን ራቁት ጫፍ የላይኛው አርቲኩላር ፕሮሰስ (መገጣጠሚያውን የሚሠራው የአጥንት ጉብታ) ከትራንስቨርስ ፕሮሰስ (ወደ ጎን ከወጣው የአጥንት ክንፍ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከነርቩ ጎን ለጎን ማስተኛት ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ሕመምተኛው «ምንም አልተሻለኝም» ብሎ ሲመለስ «ሕክምናው አይሠራም» ይባላል። እንዲህ ሲባል በሰማሁ ቁጥር የዕለቱን ፎቶ አምጡልኝ እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየኝም እንደ ችካል የቆመ መርፌ ነው። በውኃ የሚቀዘቅዘው ኤሌክትሮድ ከጫፉም አልፎ ክብ ቃጠሎ ስለሚሠራ ቀጥ ብሎ ቢገባም ያገለግላል፤ ጉዳት የሚመጣው የአንዱን መሣሪያ ልማድ ለሌላው ሲጠቀሙበት ነው።

ለሕመምተኛው በማዘን 22 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል) የሆነውን ቀጭን ካኑላ፣ ማለትም ኤሌክትሮዱ የሚገባበትን መርፌ፣ የሚመርጡ አሉ፤ ካኑላው ሲቀጥን የሚቃጠለውም ስፍራ አብሮ ይጠባል፤ ስለዚህ 18 ጌጅ ይሻላል።

አንድ መገጣጠሚያ ሁለት ነርቮች እንዳሉት ዘንግቶ አንዱን ብቻ ማቃጠልም ያጋጥማል። በኤል4 እና በኤል5 (በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት) መካከል ላለው መገጣጠሚያ የኤል3 እና የኤል4 ነርቮች መቃጠል አለባቸው፤ የሚገኙትም በኤል4 እና በኤል5 ትራንስቨርስ ፕሮሰስ ላይ ነው።

ካኑላውና በውስጡ የሚገባው ኤሌክትሮድ ርዝመታቸው እኩል መሆኑ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጎን ለጎን ተይዘው መታየት አለበት። ኤሌክትሮዱ ካጠረ የሙቀት መለኪያው ከጫፉ ርቆ ስለሚቀር በጀነሬተሩ መስኮት ላይ የሚነበበው ቁጥር የጫፉ ሙቀት አይደለም። ካኑላውን መብራት ሥር እያዞሩ ሽፋኑ እንዳልተፋቀ ማየትም ያስፈልጋል፤ በተፋቀው በኩል የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ቆዳን ያቃጥላል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የግራውንዲንግ ፓድ (ኤሌክትሪኩ ከሰውነት የሚወጣበት ተለጣፊ ሰሌዳ) ነገር ነው። ፓዱ በደረቀና ፀጉሩ በተላጨ ቆዳ፣ ጡንቻ በበዛበት ስፍራ፣ በሰውነት ውስጥ ከተተከለ ብረትና ከአጥንት ጉብታ ርቆ፣ ጠርዙ ሳይነሣ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ አለበት። ይህን የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ፓዱ የሚለጠፈው በመጨረሻው ደቂቃ ነው፤ ቆዳው በፀረ-ጀርም ፈሳሽ እንደራሰ እንኳ የሚለጥፉ አሉ። ጀነሬተሩ የኢምፒዳንስ (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ማስጠንቀቂያ ሲያሰማ አንድ ባልደረባ አዲስ ፓድ በማምጣት ፈንታ የተላጠውን ጠርዝ በእጁ ጫን አድርጎ ይዞ ሥራው እንዲቀጥል ሲያደርግ አይቻለሁ። ፓዱ ሲነሣ በሕመምተኛው ታፋ ላይ፣ ልክ በጠርዙ ልክ፣ የቀላ መስመር ታየ። ኤሌክትሪኩ መውጫው ሲጠብበት እዚያው ላይ ይከማቻል።

ማደንዘዣው ሊዶኬይን ከሞተር ፍተሻ (ጡንቻ የሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶ ከሚደረገው ምርመራ) በፊት መሰጠት የለበትም። በ2 ኸርዝ ሲፈተሽ የጀርባ ጡንቻ ብድግ ብድግ ቢል መልካም ነው፤ እግር ከተንቀሳቀሰ ግን መርፌው ወደ ዋናው የነርቭ ሥር ቀርቧልና ማሞቅ አይገባም። የጎን ሥዕል ሳይታይም ማሞቂያው አይከፈትም። ሕመምተኛውን በከባድ ማስተኛ የሚያንቀላፉ ሐኪሞች «እግሬን አመመኝ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ራሳቸው እየዘጉ ነው።

የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ከሆነ የልብ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ቀጠሮ አይያዝም።

የተቃጠለው ነርቭ ተመልሶ ስለሚያድግ እፎይታው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ነው፤ ሕመሙ ሲመለስ ሕክምናው ሊደገም እንደሚችል ለሕመምተኛው አስቀድሞ ይነገረው።