ማኅበራችሁ የመጀመሪያ ደሞዝተኛውን ሲቀጥር

አሜሪካ ውስጥ ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው። ቡና ይፈላል፣ ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ይከፈታል። ለዓመታት ሁሉም በነጻ ይሠራል። ከዚያ አንድ ቀን ከካውንቲው ትንሽ ግራንት ይመጣና «ቢሮውን የምትይዝ ሰው በወር 3,000 ዶላር እንቅጠር» ይባላል። ጣጣው እዚህ ጋ ይጀምራል። እስካሁን ማኅበር ነበራችሁ፣ የመጀመሪያውን ቼክ ከጻፋችሁ በኋላ ግን አሠሪም ናችሁ።

ይህ ጽሑፍ ለቦርድ አባላት ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅምን ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ልትጨርሱት የምትችሉት ነገር አለ። ጠበቃው በሰዓት ነው የሚያስከፍለው፤ ሰዓቱን ወረቀት በመፈለግ አታባክኑበት።

መጀመሪያ የምትሰሙት ሐሳብ «በቴን ናይንቲ ናይን እንክፈላት» የሚል ነው፤ ቴን ናይንቲ ናይን (1099) ሠራተኛ ላልሆነ ሰው የተከፈለ ገንዘብ የሚመዘገብበት ፎርም ነው። ኮንትራክተር ትባልና ታክሷን ራሷ ትወጣው፣ እኛም እንገላገል ነው ነገሩ። ስም መቀየር ግን ሥራውን አይቀይረውም። የምትገባበትን ሰዓት የምትወስኑት እናንተ ከሆናችሁ፣ ኮምፒውተሩም ጠረጴዛውም የማኅበሩ ከሆነ፣ ምን እንደምትሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምትሠራም የምትነግሯት እናንተ ከሆናችሁ፣ ውሉ ላይ ምንም ብላችሁ ጻፉ፣ የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ እንደ ሠራተኛ ነው የሚያያት። ኮንትራክተር ማለት ድረ ገጻችሁን ሠርቶ፣ ሒሳቡን ልኮ፣ ወደ ሌላ ደንበኛው የሚሄደው ልጅ ነው። «ለትራንስፖርት» እየተባለ ያለ ምንም ደረሰኝ በየወሩ ለአስተማሪዎች የሚታደለውን 200 ዶላርም አስቡበት። ደረሰኝና ሒሳብ ከሌለው እሱም ክፍያ ነው።

ሠራተኛ ናት ካላችሁ ወረቀቱ ብዙም አያስፈራም። የአሠሪ መለያ ቁጥር ከሌላችሁ ከአይ አር ኤስ አውጡ፤ በነጻ ነው፣ ለዚህ የሚያስከፍል ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝለሉት። ከደሞዟ ስንት የገቢ ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን ፎርም ደብልዩ 4 ታስሞላላችሁ። የመሥራት ፈቃድ እንዳላት በሚረጋገጥበት ፎርም አይ 9 ላይ የእናንተ ክፍል ሥራ በጀመረች በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። መቀጠሯን ለስቴቱ በ20 ቀን ውስጥ ታሳውቃላችሁ። የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ እንደየስቴቱ ስለሚለያይ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የፔይሮል ድርጅት ያዙ። ገንዘብ ያዣችሁ ጎበዝ ቢሆንም እንኳ ያዙ።

በጀቱ ላይ የሚረሳው የማኅበሩ ድርሻ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከእሷ ደሞዝ 7.65 ከመቶ ይቆረጣል፣ ማኅበሩም ከራሱ ኪስ ያንኑ ያህል ይጨምራል። በ3,000 ዶላር ይህ በወር 229.50፣ በዓመት 2,754 ዶላር ነው። የ501 ሲ 3 ድርጅቶች፣ ማለትም አይ አር ኤስ ከገቢ ታክስ ነጻ ያደረጋቸው በጎ አድራጎቶች፣ ከፌዴራሉ የሥራ አጥ ታክስም ነጻ ናቸው። ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬሩ ግን ነጻ አይደሉም፤ «እኛ ታክስ አይመለከተንም» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ በፎርም 941 ይገባል፣ የዓመቱን ደሞዟንና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየው ደብልዩ 2 ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 31።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከደሞዟ የቆረጣችሁት ገንዘብ የማኅበሩ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ እናንተ ዘንድ በአደራ ነው የተቀመጠው። ግራንቱ ሲዘገይና የቤት ኪራይ ሲደርስ እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደዚህ ገንዘብ ነው፣ ምክንያቱም በወሩ መጨረሻ መጥቶ በር የሚያንኳኳ የለም። በኋላ ግን አይ አር ኤስ ማኅበሩን አልፎ ቼክ የመፈረምና ማን ቅድሚያ ይከፈለው ብሎ የመወሰን ሥልጣን ያለውን ሰው በግሉ ሊጠይቅ ይችላል። ቅጣቱ ያልገባው የአደራ ገንዘብ መቶ በመቶ ነው። ቤቱን፣ የባንክ ሒሳቡን ሊነካ ይችላል። በነጻ የሚያገለግልና የገንዘብ ሥራ ውስጥ የማይገባ፣ ጉዳዩንም የማያውቅ የክብር ቦርድ አባል ጥበቃ አለው። ፈራሚዋ ገንዘብ ያዥ ግን በነጻ ማገልገሏ ብቻ አያድናትም። ገንዘብ ከጠበበ ቀድሞ የሚከፈለው ይኸው የአደራ ገንዘብ ነው፣ ኪራዩን ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘመድ ጉዳይ ነው። ሥራ አስኪያጅ ትፈልጋላችሁ፣ የተገኘችውም የሊቀ መንበሩ እህት ናት። ሕጉ አትቅጠሩ አይልም። ደሞዙ ከሥራው ዋጋ በላይ ከሆነ ነው ችግሩ፣ ያኔ ተቀባይዋ ከሥራው ዋጋ በላይ በሆነው ገንዘብ ላይ 25 ከመቶ ታክስ ትከፍላለች፣ ካላስተካከለችው ደግሞ 200 ከመቶ ይከተላል። እያወቁ ያጸደቁ የቦርድ አባላትም የራሳቸው ቅጣት አለባቸው። መከላከያው ቀላል ነው። በጉዳዩ የግል ጥቅም የሌላቸው አባላት ብቻ ይወስኑ። ተመሳሳይ ድርጅቶች ለተመሳሳይ ሥራ ምን እንደሚከፍሉ ማስረጃ ይያዙ፤ ዓመታዊ ገቢያችሁ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ከሆነ የሦስት ድርጅቶች መረጃ ይበቃል። ከዚያም ውሳኔውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ ጻፉ። ሊቀ መንበሩ ከክፍሉ መውጣቱንም ጻፉ። እኛ ሰው እንዳይከፋው ብለን «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ማለት እንወዳለን፣ እንዲህ ያለው ቃለ ጉባኤ ግን ሊቀ መንበሩም ድምፅ ሰጥቷል ማለት ነው፣ ማንንም አያድንም።

ስለ ጡረታ። እንደናንተ ላለ ድርጅት የተለመደው 403 ቢ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ፕላን ነው። ሠራተኛዋ ከደሞዟ ታክስ ሳይከፈልበት ታስቀምጣለች፣ ለ2025 ጣሪያው 23,500 ዶላር ነበር። አንዷን ከፈቀዳችሁ ሁሉንም ማለት ይቻላል መፍቀድ አለባችሁ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የሚሠሩትን ልትተዉ ትችላላችሁ። እሷ ብቻ የምታስቀምጥና የናንተ እጅ ብዙ የሌለበት ከሆነ ቀለል ይላል። ማኅበሩ የራሱን መዋጮ ሊጨምር ካሰበ ግን ኤሪሳ የተባለው የ1974ቱ ሕግ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የጽሑፍ ፕላን፣ የአደራ ኃላፊነት ይመጣል። አትጨምሩ አይደለም የምለው። ከመጨመራችሁ በፊት ጠበቃውን አግኙ እንጂ፣ ከጨመራችሁ በኋላ ማረም ውድ ነው።

ጤና ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ ደግነት ነው የሚያስቀጣው። «ራሷ የገዛችውን ኢንሹራንስ እንሸፍንላት» ብላችሁ ያለ ሕጋዊ ፕላን ደረሰኝ እየተቀበላችሁ መክፈል፣ ሠራተኞቻችሁ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ በሰው በቀን 100 ዶላር የሚደርስ ቅጣት ያመጣል። ከ50 በታች የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ላላቸውና የቡድን ኢንሹራንስ ለማይሰጡ የተፈቀደ መንገድ ከ2017 ጀምሮ አለ፣ ኪው ሴራ (QSEHRA) ይሉታል። በስሙ ጠይቁት። ወይም በቀላሉ ደሞዟን ጨምሩላት፣ ታክስ ይቆረጥበታል እንጂ ነገር አያመጣም።

በዓል ሲመጣም እንዲሁ። ለፋሲካ የዶሮ መግዣ ብላችሁ የ50 ዶላር ጊፍት ካርድ ከሰጣችኋት ደሞዝ ነው፣ ይመዘገባል። ዶሮውን ራሱን ከሰጣችኋት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ከሆናችሁ ሕጉ ሌላ መልክ አለው። ቤተ ክርስቲያን ሳያመለክት ከታክስ ነጻ ነው፣ ከታክስ ነጻ የሆኑ ድርጅቶች ለአይ አር ኤስ የሚያቀርቡትን ዓመታዊ ሪፖርት፣ ፎርም 990ን፣ አያስገባም። ከካህኑ ደሞዝ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ አይቆረጥም፣ እሳቸው እንደ ግል ሠራተኛ ራሳቸው ይከፍላሉ። የቤት አበል የገቢ ታክስ አይከፈልበትም፣ ነገር ግን ቦርዱ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በጽሑፍ ሊወስነው ይገባል። በዲሴምበር ተሰብስቦ ላለፈው ጃንዋሪ መወሰን አይቻልም። ጸሐፊዋና የጽዳት ሠራተኛው ግን እንደማንኛውም ሰው ናቸው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለከታቸዋል። ሌሎቻችሁ 990ን አትርሱ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገባችሁ 501 ሲ 3 መሆናችሁ በራሱ ይሰረዛል።

በነገራችን ላይ እድራችሁን 501 ሲ 3 ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ ቆም በሉ። ለራሱ አባላት ሐዘን የሚከፍል እድር ለሕዝብ የቆመ በጎ አድራጎት ነው ለማለት ያስቸግራል፣ ወርሃዊ መዋጮውም ከታክስ የሚቀነስ ስጦታ አይሆንም። ሌላ ዓይነት ምዝገባ ሊኖር ስለሚችል ለብቻው ጠይቁ።

አሁን ወደ ጠበቃው። የግሪን ካርድ ጉዳያችሁን የጨረሰላችሁ ወዳጃችን ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ስልክ ስትደውሉ «403 ቢ ፕላን ሠርተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በሚሰጥበት ፍጥነት ታውቁታላችሁ። የምዝገባ ሰነዱን፣ መተዳደሪያ ደንቡን፣ የአይ አር ኤስን ደብዳቤ፣ የሦስት ዓመት 990፣ ቃለ ጉባኤዎችን፣ ባለፈው ዓመት ገንዘብ የተከፈለውን ሰው ሁሉ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋውን በሥራ ቁርጥ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁና በጽሑፍ ውሰዱ። ሊቀ መንበሩ አንድ ነገር ይወቅ፦ ደንበኛው ማኅበሩ ነው፣ እሱ አይደለም። ለጠበቃው በጆሮው ሹክ ያለው ነገር ከቦርዱ ተደብቆ አይቀርም። ስለዚህ ብቻውን አይሂድ፣ ገንዘብ ያዧን ይዞ ይሂድ።