ዲመር ከገጠሙ በኋላ መብራቱ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ተራውን ማብሪያ ማጥፊያ አውጥቶ በቦታው ዲመር (የመብራቱን ድምቀት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ) መግጠም የሁለት ሽቦ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ግን ከሽቦው ይልቅ ከአምፖሉና ከዲመሩ አለመጣጣም የሚነሳበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ግድግዳውን ደግመው ከመክፈትዎ በፊት አምፖሉና ዲመሩ ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብቡ።

መክፈት የግድ ከሆነ ብሬከሩን ያውርዱ። ዲመሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ፌዙ (ኃይል ያለው ሽቦ) እዚያው አለ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል ባለው ሶኬት፣ ቀጥሎ በዲመሩ ሽቦዎች፣ በመጨረሻ እንደገና በሶኬቱ ይሞክሩት። የተበላሸ ቴስተር ኃይል ያለውን ሽቦ የሌለው አስመስሎ ያሳያል።

መብራቱ ሲደበዝዝ ብልጭ ድርግም ይላል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። መጀመሪያ አምፖሉን ይዩ። ኤልኢዲ ከሆነ ማሸጊያው ላይ በዲመር እንደሚሠራ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ይቀይሩት።

አምፖሉ ትክክለኛ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ጭነቱ አንሶ ይሆናል። ለባለ ክር አምፖል የተሠራ ዲመር ላይ ለምሳሌ "40–400 ዋት" ተብሎ ይጻፋል። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ሦስት ቢሰቅሉ 15 ዋት ነው፤ ከ40 በታች። ዲመሩ ውስጥ ያለው ትራያክ (ከረንቱን የሚያሳልፍና የሚያቋርጥ ክፍል) ማሳለፉን ለመቀጠል የተወሰነ ከረንት ይፈልጋል፤ ያ ሲያንሰው ያለጊዜው ያቋርጣል፣ መብራቱም ይቆራረጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከሦስቱ አንዱን ለጊዜው በባለ 40 ዋት ባለ ክር አምፖል ይተኩ። መርገብገቡ ከቆመ ጥፋቱ የጭነት ነው። መፍትሄው ከጥቂት ዋት ጀምሮ የሚሠራ፣ ለኤልኢዲ የተዘጋጀ ዲመር ነው።

ዲመሩ የኤልኢዲ ሆኖ የሚርገበገበው መጨረሻ ዝቅ ሲል ብቻ ከሆነ ዝቅተኛውን ድምቀት ያስተካክሉ። ብዙዎቹ ከሽፋኑ ሥር ለዚሁ የተሰጠ ትንሽ ብሎን አላቸው። መመሪያው በመብራት ላይ እንዲስተካከል ካዘዘ መያዣው የተሸፈነ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ የሽቦ ማሰሪያዎቹን አይንኩ። መርገብገቡ እስኪቆም ያዙሩ፣ ጥቂት ይጨምሩ፤ ከዚያ አጥፍተው ዝቅ እንዳለ ያብሩት። ካልበራ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

ጠፍቶም በስሱ ይበራል

በንክኪ ወይም በሪሞት የሚሠራ፣ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) የማይገባለት ዲመር ለራሱ የሚያስፈልገውን ከረንት በአምፖሉ በኩል ይስባል። ለኤልኢዲ ያቺው ትበቃዋለች። አምራቹ የሚያዘጋጀውን ባይፓስ (ያን ከረንት ከአምፖሉ ውጭ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) አምፖሉ ጋ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያስገቡ፤ ዲመሩ ጋ አይደለም። ሌላው ምክንያት አደገኛ ነው፦ ማብሪያው የሚያቋርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ላይ ኃይል አለ። ይህን ኤሌክትሪሻን ያስተካክለው።

ድምፅ ያሰማል

የኤሌክትሪኩን ሞገድ መጀመሪያ የሚቆርጥ ዲመር የአምፖሉን ክር ወይም የኤልኢዲውን ውስጣዊ ክፍል ያንቀጠቅጣል። ትሬሊንግ ኤጅ የሚባለው፣ የሞገዱን መጨረሻ የሚቆርጠው ዓይነት ይህን በብዙ ይቀንሰዋል።

ዲመሩ ይሞቃል

ለብ ማለት ጤናማ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ጭነቱ በዝቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 400 ዋት የተጻፈው ለባለ ክር አምፖል ሲሆን ለኤልኢዲ የሚፈቀደው በጣም ያንሳል፤ ኤልኢዲ ሲበራ ለቅጽበት የሚስበው ከረንት ከፍተኛ ነውና። የኤልኢዲውን ቁጥር ለይተው ያንብቡ። ጭነቱ ልክ ከሆነ የላላ ብሎን ይፈልጉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ብሬከሩን ወዲያው ያውርዱ።

ሲያበሩት ብሬከሩ ይወርዳል

ተራ ዲመር ፌዙን ተቀብሎ ወደ አምፖሉ ያሳልፋል እንጂ ኒውትራል አይገባበትም። ሳጥኑ ውስጥ የነበረ ኒውትራል በመውጫው ከታሰረ ሾርት ነው። ሽቦውን ቢያስተካክሉም ትራያኩ አብሮ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል ዲመሩን ይፈትሹ፤ መብራቱ በሙሉ ድምቀት ብቻ የሚበራ ከሆነ ተቃጥሏል፣ ይቀየራል።

ደረጃ ላይ ሌላኛው ማብሪያ በአንድ በኩል ሲሆን ብቻ ይሠራል

አንድ መብራት ከሁለት ቦታ ሲታዘዝ ማብሪያው ሦስት ሽቦ አለው፤ ከሦስቱ የኮመኑ (የጋራው ሽቦ) ቦታ ተቀያይሯል። ኮመኑ አሮጌው ማብሪያ ላይ ለብቻው ምልክት ወይም የተለየ ቀለም ያለው ብሎን ላይ የታሰረው ነው፤ ሳይፈቱት ለምልክት ናስትሮ ይጠቅልሉበት። በሁለቱም ጫፍ ተራ ዲመር አይገጠምም፤ አንዱ ዲመር፣ ሌላው ቱ ዌይ ማብሪያ ይሁን።