አዳማ ላይ ከቤት ስንወጣ ምን እንያዝ? የዕለት ቦርሳ አመራረጥ

ነሐሴ ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ጉዳዬን ጨርሼ ወደ ቤት ልሄድ ስል ዝናቡ ወረደ። አዳማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውሃው ከዙሪያው ኮረብታ እየተንደረደረ ይመጣና አስፋልቱን በአንዴ ይሞላዋል። የስልኬ ባትሪ አልቋል። ኪሴ ውስጥ ያለው አንድ ባለ 200 ብር ኖት ብቻ ነው፤ ባለባጃጁ ደግሞ ዝርዝር የለውም። አንዲት ባለሱቅ እህት "በኔ ደውል" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። የባለቤቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም ነበር። ልጃችን ቤት ውስጥ ትኩሳት ይዞት፣ እሷ ለሁለት ሰዓት ያህል ስትደውልልኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይዤ የምወጣውን ነገር አስቤ ነው የምመርጠው። እናንተም እንደዚህ ብታደርጉ እመክራለሁ።

1. ባለፈው ወር የቸገራችሁን ጻፉ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ባለፈው አንድ ወር ከቤት ውጭ ሆናችሁ "ምነው ይዤ በነበር" ያላችሁት ምንድን ነው? ዝርዝር ብር? ውሃ? የራስ ምታት ኪኒን? መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። የሌላ ሰው ዝርዝር ለሌላ ሰው ኑሮ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት እንዲህ ዓይነት ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ በቢላዋ ይጀምራሉ። እኛ ጋ ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት ስንገባ በር ላይ ፍተሻ አለ። ቢላዋው ጣጣ እንጂ ጥቅም የለውም፤ ተዉት።

2. ከኪስ ጀምሩ

ቦርሳ ይረሳል፣ ይነጠቃል። ኪስ ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናዎቹ ሦስት ነገሮች ኪስ ውስጥ ይሁኑ፦ ጥሬ ብር፣ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ መታወቂያ።

በብሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁላችንም ቴሌብር ለምደናል። መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ሲወድቅ ግን ገንዘባችሁ ስልክ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ምን ያህል ይያዝ ለሚለው የኔ ስሌት ይሄ ነው፦ በተለምዶ ከምትደርሱበት በጣም ሩቅ ቦታ ወደ ቤት የሚመልስ ትራንስፖርት፣ አንድ ምሳ፣ እና ከፋርማሲ አንድ መድኃኒት የሚገዛ። ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 አድርጉት። ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ አንዱን ከስልኩ ሽፋን ጀርባ ማስገባት ይቻላል። ከዚህ ብር ላይ ከተነካ ማታውኑ ይተካ።

ወረቀቱ ላይ የአራት ሰው ቁጥር ይበቃል። አንዱ ከአዳማ ውጭ የሚኖር ዘመድ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሥር የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና ፖሊስ 991 ጨምሩ። የሰፈራችሁን ጤና ጣቢያ ቁጥር ደግሞ ራሳችሁ ጠይቃችሁ፣ ደውላችሁ ሞክራችሁ ጻፉት። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል። የምትወስዱት ቋሚ መድኃኒት ወይም የማይስማማችሁ ነገር ካለ እሱም ይስፈር።

3. ስልክና ብርሃንን አንድ ላይ ፍቱ

ብዙ ሰው ወዲያው ፓወር ባንክ ይገዛል። መጥፎ አይደለም። ባለ 10,000 mAh (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው ግን ባለ 5,000 mAh ስልክን ሁለቴ ይሞላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ኃይሉ ሲተላለፍ ስለሚባክን አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ቢተርፈው ነው። ሳይሞላ የተያዘ ፓወር ባንክ ደግሞ ከድንጋይ አይሻልም።

እኔ የማደንቀው አሮጌውን፣ ትንሹን ባለቁልፍ ስልክ ነው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለቀናት ይቆያል። አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ መብራት ያለው ሞዴል ካገኛችሁ መብራት ሲጠፋ መንገድ ያሳያችኋል። ቴሌብር ያለበትን ሲም እሱ ላይ ብታደርጉት፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ያለ ኢንተርኔት በ*127# መክፈል ትችላላችሁ። ትልቁ ስልክ ላይ የሳፋሪኮም ሲም ቢኖር አንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ሌላው ሊሠራ ይችላል።

4. ቦርሳው ለሙቀት፣ ለአቧራና ለዝናብ

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ፀሐይዋ ታደክማለች። ግማሽ ሊትር ውሃ ሁልጊዜ ይያዝ፤ ሃይላንድ አጥቦ መሙላትም ይቻላል። ልጅ ወይም አዛውንት ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ አንድ ፓኬት ለምለም (ሰውነት ፈሳሽ ሲያጣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ኦአርኤስ) ጨምሩ። ፓኬቱ በሙሉ የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ማለትም ባለ ግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ሁለቴ ተለክቶ። በግምት በትንሽ ውሃ ማወፈር ለልጅ ጉዳት አለው።

ሻርፕ ወይም ነጠላ አይለያችሁ። ኮረብታው ላይ እነዚያ የንፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ንፋስ ስላለ ነው፤ በበጋ አቧራውን ይዞት ይመጣል። ሻርፑ አፍና አፍንጫ ይሸፍናል። ሰው ተቆርጦ ሲደማ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ አጥብቃችሁ ትጫኑበታላችሁ። እኔ ከአንድ ዕቃ ብዙ ሥራ የሚሠራውን ነው የምመርጠው።

ለክረምት ወረቀቱንና ስልኩን የሚከት ዚፕ ያለው ላስቲክ በቂ ነው። አስም ያለበት ሰው መንፊያውን ቤት ትቶ አይውጣ። መድኃኒት ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተውም።

በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ውሃውን እጥፍ አድርጉት። እዚያ መኪና ቢበላሽ እንደ ከተማ መንገድ ወርዶ ሱቅ መግባት የለም።

5. ማታ የት ይቀመጣል?

በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል፤ አንዳንዱ ሌሊት ነበር። ቦርሳው በር አጠገብ ይሰቀል። ጫማና ቁልፍ ከሥሩ ይቀመጡ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጨለማ ነገር ፍለጋ አትገቡም።

6. አንድ ሳምንት ተሸከሙት

ትከሻ ካሳመመ በአሥረኛው ቀን ቤት ይቀራል። ስለዚህ ቀንሱ። በወር አንዴም ያልነካችሁትን አውጡ፤ ለክፉ ቀን ከተያዙት ከወረቀቱ፣ ከብሩና ከመድኃኒቱ በስተቀር። ከዚያ ደሞዝ በወጣ ቁጥር አንዴ ዘርግፋችሁ እዩት። ትንሹን ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ የለምለሙንና የኪኒኑን ቀን አንብቡ፣ ቁጥር የቀየረ ሰው ካለ ወረቀቱን እንደገና ጻፉ።