የአሮጌ ላንድክሩዘር ኤሲ ሲያስቸግር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሲ ነገር ማንንም አያስጨንቅም። መስኮት ከፈት ማድረግ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው መኪናው ፊልድ ሲወጣ ነው። አዋሽን አልፎ ወደ ሰመራ ሲወርድ፣ ወይም ወደ ጋምቤላና መተማ ሲል፣ ከተማ ውስጥ "ምንም አልሆነም" የተባለው ኤሲ ትኩስ አየር መትፋት ይጀምራል። እዚህ የማወራው ስለ አሮጌዎቹ ቶዮታ ላንድክሩዘሮች ነው፤ 80 ሲሪስና ሃርድቶፑን ማለቴ ነው። ፓትሮልም ፓጄሮም ያለው ሰው ግን አብዛኛው ይመለከተዋል።

"ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ"

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ኤሲ ጋዝ አይበላም። ጋዙ ዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ስለዚህ ከቀነሰ ወጥቷል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ አሮጌ መኪና ላይ ከጎማ ቱቦዎቹ በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት መሹለኩ አይቀርም። በየጥቂት ወሩ የምታስሞሉ ከሆነ ግን ማፍሰሻ አለ፣ እናንተም ገንዘባችሁን አየር ላይ እየበተናችሁ ነው።

ማፍሰሻውን ለማግኘት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዓይን ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል። ኮፈኑን ክፈቱና የቱቦ መጋጠሚያዎችን አንድ በአንድ እዩ። ሌላው ቦታ ደረቅ አቧራ ሆኖ አንዷ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጣት ላይ የሚቀር እድፍ ካለ እሷ ናት። የኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የጋዙ ማቀዝቀዣ) የታችኛው ጥግ በጠጠር ይመታል፣ እሱንም እዩ። የኮምፕሬሰሩን (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ፓምፕ) አፍንጫ፣ ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዘው የማግኔት ክላች ኋላ፣ በባትሪ አብሩበት። ጋዝ የሚሞላባቸው ሁለቱ አፎች ክዳን እንዳላቸውም አረጋግጡ፤ ክዳን የሌለው አፍ በጣም ብዙ ነው። በዓይን ካልተገኘ ናይትሮጅን ሞልቶ በሳሙና አረፋ መፈተሽ ነው። የጎማ መንፊያ አየር ግን በፍጹም አታስገቡ፣ እርጥበት ይዞ ይገባል።

ሞተር ሳይነሳ ጌጅ ሰክቶ "ሙሉ ነው" ማለት

ይሄን የማይሠራ ጋራዥ ጥቂት ነው። ሲስተሙ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ፣ ሞተሩ ቆሞ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው የአካባቢውን ሙቀት ነው፤ የጋዙን መጠን አይነግራችሁም። አር134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ በ20 ዲግሪ ወደ 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያሳያል፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ ወደ 130። ግማሽም ቢሆን ሙሉም ቢሆን ያው ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ባዶ ሊሆን ደርሷል፣ በጣም ከበዛ ደግሞ አየር ወይም ሌላ ጋዝ ተቀላቅሎበታል።

በሚሠራ ሞተር ሲለካም ሌላ ወጥመድ አለ። የቶዮታ ማንዋል የሚሰጠው ቁጥር፣ በዝቅተኛው በኩል (ጋዙ ወደ ኮምፕሬሰሩ በሚገባበት) ከ21 እስከ 36 ፒኤስአይ፣ በከፍተኛው በኩል (በሚወጣበት) ከ200 እስከ 230 ገደማ፣ የሚያገለግለው የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆንና ሞተሩ በ1500 ዙር ሲሽከረከር ነው። አሁን ይህን ቁጥር ይዛችሁ በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ቁሙ። ከፍተኛው ግፊት እዚያ አይደርስም፣ ሊደርስም አይገባም። መካኒኩ ግን ቁጥሩን ለማግኘት ጋዝ ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል፣ ከዚያ መኪናው አፋር ሲገባ ግፊቱ ጣራ ይነካና ኮምፕሬሰሩ እየያዘ እየለቀቀ ያስቸግራል። መፍትሔው ሚዛን ነው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ስንት ግራም እንደሚገባ ተጽፏል፤ ያረጀውን ጋዝ አስወጥቶ፣ ቫኪዩም አድርጎ (ውስጡን በፓምፕ ባዶ አድርጎ)፣ በግራም መዝኖ መሙላት። ሚዛን የሌለው ጋራዥ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፣ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ስለ ቫኪዩም ካነሳን አይቀር፣ መጽሐፍ ላይ "ጌጁ 29 ወይም 30 ኢንች እስኪያሳይ" የሚለው ባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ያንሳል። እዚህ ጤነኛ ፓምፕም ቢሆን ከ22 ወይም 23 ኢንች አያልፍም። ይሄን ባለማወቅ ፓምፕ የቀየረ፣ የሌለ ማፍሰሻ ሲፈልግ የዋለ ሰው አለ። ዋናው ቁጥሩ አይደለም። ፓምፑ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ጥሩ ነው።

ኮንደንሰሩን ረስቶ ኮምፕሬሰር መቀየር

መንገድ ላይ ስትሮጡ ይቀዘቅዛል፣ ስትቆሙ ወይም በቀስታ ዳገት ስትወጡ ይሞቃል? እንግዲያው ኮምፕሬሰሩን ተዉት፣ የአየር ጉዳይ ነው። ጋዙ ከጋቢና የሰበሰበውን ሙቀት የሚጥለው ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ላይ ነው፤ እዚያ አየር ካላለፈ ሙቀቱ ዞሮ ይመለስባችኋል። የፊልድ መኪና ደግሞ ፊቱ ላይ የማይጫን ነገር የለም። ወፍራም ፓራውልት፣ ዊንች፣ ተጨማሪ መብራት፣ አንዳንዴም የድርጅት ባንዲራ። ከዚያ ኮንደንሰሩና ራዲያተሩ መካከል የደረቀ ጭቃና የሣር ፍሬ ይከማቻል። ከፊት ስታዩት ንጹሕ ይመስላል፣ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። በባትሪ ከላይ ወደ መካከሉ አብሩና እዩ። ስታጥቡት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀላል ውኃ። የላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ነጻ የሆነ ምርመራ ልንገራችሁ። ኤሲው በርቶ፣ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ፣ በጀሪካን ውኃ ኮንደንሰሩ ላይ አፍስሱ። ወዲያው ከውስጥ የሚመጣው አየር ከቀዘቀዘ ጋዙም ኮምፕሬሰሩም ደህና ናቸው፣ የጎደለው አየር ነው። ቀጥሎ የፋኑን ክላች ፈትሹ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሲጠፋ ፋኑን በእጅ ግፉት። ያለምንም መከልከል ከተሽከረከረ ውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል።

የሂተሩን ውኃ አለማሰብ

80 ሲሪስ ላይ የሞተር ውኃ ወደ ሂተር እንዳይገባ የሚዘጋው በገመድ የሚጎተት ቫልቭ ነው። ገመዱ ይዝጋል፣ ይላላል፣ ቫልቩ ግማሽ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ኤሲው ያቀዘቀዘው አየር ከዚያ በሂተሩ በኩል ሲያልፍ ለብ ብሎ ይወጣል። ጋዝ በስንት ብር አስሞልተው ይሄን ያልነኩ ሰዎች ይገርሙኛል። ሞተሩ ሞቆ፣ የሙቀት ማስተካከያው ቅዝቃዜ ላይ ሆኖ፣ ወደ ጋቢና የሚገቡትን ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች በጥንቃቄ ንኩ። ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ ቫልቩ አልዘጋም።

"ዳይሬክት" ማድረግ

ኮምፕሬሰሩ አልይዝ ሲል ኤሌክትሪሻኑ የግፊት ስዊቹን አልፎ ሽቦ በቀጥታ ይሰጠዋል። ይዟል፣ ቀዝቅዟል፣ ደስ ብሏችሁ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። ስዊቹ ግን የቆረጠው በምክንያት ነው፤ ወይ ጋዝ አንሷል ወይ ግፊት በዝቷል። ጋዝ ሲያንስ ዘይቱም አይዞርም። ደረቁን የሚሽከረከር ኮምፕሬሰር ራሱን ይፈጫል፣ የብረት ብናኙም ኮንደንሰሩን ሞልቶ ሁሉንም ያስቀይራችኋል። ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የኔጌቲቭ ሽቦ ቀድመው ይታዩ። ጠዋት ይዞ ሞተር ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ የኮምፕሬሰሩን ክላች ክፍተት አስለኩ። ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ካረጀ ይሰፋል፣ ሲሞቅ ማግኔቱ መሳብ ያቅተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከውስጡ ቀጭን ሽም (የብረት ቀለበት) ማውጣት ይበቃዋል።

የድሮ ጋዝ ሲስተም ላይ አዲሱን ዝም ብሎ መሙላት

እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት መኪኖች የሚጠቀሙት አር12 የሚባል ጋዝ ነበር፤ ኦዞንን ስለሚጎዳ ከገበያ ወጥቷል። መሙያ አፉ በጥርስ የሚታሰር ከሆነ የድሮው ነው፣ ጠቅ ብሎ የሚያያዝ ከሆነ አር134ኤ። የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሐድም፣ ወደ ኮምፕሬሰሩም አይመለስም። ሲቀየር ዘይቱ፣ ኦሪንጎቹና (የጎማ ቀለበት ማሸጊያዎቹ) ድራየሩ (እርጥበት መምጠጫው) አብረው ይቀየራሉ። ጋዙም ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ብቻ ይሞላል።

ቡታጋዝ የሚሞላ አለ። ይቀዘቅዛል፣ አዎ፤ ከክሩስኮቱ ኋላ ኢቫፖሬተሩ (የጋቢናውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ቢያፈስ ግን ተቀጣጣይ ጋዝ ጋቢናችሁ ውስጥ ነው። ማፍሰሻ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽም እለፉት፣ ጋዙን የሚመጥነውን ቫልቭ ራሱን ይደፍነዋል።

በረዶ ሲሠራ "ጎበዝ ኤሲ" ብሎ መተው

መጀመሪያ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ንፋሱ እየደከመ ሄዶ፣ አጥፍታችሁ ቆይታችሁ ስታበሩት ከተመለሰ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየሠራ ነው። የሙቀት ሴንሰሩን አስፈትሹ። አብሮ በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ መኪኖች የጋቢና አየር ፊልትሮ የላቸውም። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ሳጥን አውጥታችሁ ብታዩ ከውስጥ የምታገኙት የአቧራ ብርድ ልብስ ነው። የተሳፋሪው ምንጣፍ ከረጠበ ደግሞ የውኃ መውጫ ቱቦው ተደፍኗል፣ በቀጭን ሽቦ ሳይሆን በአየር አስነፉት።

አዲስ አበባ ውስጥ ለወራት አለማብራት

የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ማሸጊያ የሚረጥበው ጋዙ በሚያዞረው ዘይት ነው። ካልበራ ይደርቃል፣ ከደረቀ ያፈሳል። ብርድም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ አብሩት። ዝናብ ሲሆን እንደውም የመስታወቱን ጉም ያጠፋላችኋል። ፊልድ ልትወጡ ስትሉ ደግሞ ከዋዜማው ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ፈትሹት፤ ማፍሰሻ ቢገኝ ኦሪንጉን ፈልጎ ለመግዛት ጊዜ ይኖራችኋል።