የቆየ መኪና ባትሪ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ

«አዲስ ባትሪ ገዝቼ በሁለት ወሩ ሞተብኝ።» ይህን በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ። ሰውየው ገንዘቡን አውጥቷል፤ መኪናው ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ይገፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ባትሪው ምንም ጥፋት የለበትም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ስህተት ሳይለኩ መቀየር ነው። ቮልት የሚለካው ቴስተር ውድ ዕቃ አይደለም፤ ልኬቱም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ድገሙት። አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ባትሪውን መሙላት ያለበት ዲናሞ እየሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ባትሪውን እያፈላው ነው። በሁለቱም መንገድ አዲሱ ባትሪ ዕድሜ አይኖረውም።

አንድ ደንበኛዬ በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ቀይሮ ሦስተኛውን ሊገዛ ሲል መጣ። ሞተሩ እየሠራ ለካሁ፤ 12.3። የፊት መብራቱን ሳበራ ወደ 12 ወረደ። የዲናሞውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ላላ ብሎ ወረደልኝ። ውስጡ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ለካስ እየተንሸራተተ ኖሯል። ቺንጋውን ቀይሬ ወጠርኩት፤ 14.1። ባትሪውን ሌሊቱን በቻርጀር ቀስ ብሎ እንዲሞላ አደረግኩት። ሦስተኛ ባትሪ አላስፈለገም።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ባትሪው አድሮ የሚወርድ ከሆነ ሌሊት የሚስብ ነገር አለ። ሁሉንም አጥፉ፣ የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በገመዱና በባትሪው መካከል አስገቡ። በዚህ ጊዜ ቁልፍ እንዳታዞሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ንባቡ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። የቱ ሲነቀል ነው የሚወርደው? ሌባው እዚያ መስመር ላይ ነው። በቆየ መኪና ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመ ቴፕና አላርም፣ ቀጥሎ ደግሞ የዳሽቦርዱን ኪስ መብራት ነው።

ስትገዙ የተሠራበትን ቀን እዩ። ተቀምጦ የከረመ ባትሪ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ወርዶ ሲቆይ ደግሞ ውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች በሰልፌት ይሸፈናሉ። የፖዘቲቩም ጎን ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ አለዚያ ገመዱ አይደርስም። አምፔሩ ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። ዝቅ ካለ ግን በብርድ ጠዋት ታውቁታላችሁ። በጣም ያረጀ መኪና ካላችሁ ቮልቱን አጣሩ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ቮልስዋገኖች 6 ቮልት ናቸው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ብዙዎቹ ፖዘቲቩን ነው ከቦዲ ጋር የሚያገናኙት።

ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቭ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቭ። (ፖዘቲቩ ከቦዲ ጋር በሆነባቸው ተቃራኒው ነው።) የፖዘቲቩን ብሎን ስትፈቱ መፍቻው ቦዲ ከነካ እዚያው ይበየዳል፤ እጃችሁንም ያቃጥላል።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምሩ። አሲድ አይጨመርም! የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ ውስጥ ይቀራል። ሰሌዳዎቹ በፈሳሹ ከተሸፈኑ ውሃ የሚጨመረው ባትሪው በቻርጀር ከሞላ በኋላ ነው። እኔ ጀማሪ እያለሁ የአንድ ደንበኛ ባትሪ ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ ቻርጀር ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ኮፈኑን ስከፍት አሲዱ ገንፍሎ የባትሪውን መቀመጫ በልቶታል። መቀመጫውን በራሴ ገንዘብ አሠራሁለት፤ የሰውየው ፊት ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ ካሰራችሁት በኋላ ቫዝሊን ቀቡት። በመዶሻ አትምቱት። ባትሪውንም በማሰሪያው አጥብቁት፤ ንዝረት ውስጡን ያረግፈዋል።

መኪናውን የምታቆሙት ለብዙ ሳምንት ከሆነ ደግሞ በየጊዜው አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት አይጠቅምም። የቆየ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እምብዛም አይሞላም፤ ሞተሪኖው የወሰደውን እንኳ አይመልስም። ኔጌቲቩን ፍቱትና በወር አንዴ በቻርጀር ሙሉት።