የሁለት ተፎካካሪ የሄቪ ሜታል ጊታሪስቶችን ሶሎ እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

ሐዋሳ ላይ ሮክ የሚወዱ ሁለት ጓደኛሞች ሐይቁ ዳር ተቀምጠው «ከርክ ሃሜት ይበልጣል ወይስ ዴቭ ሙስቴይን?» ብለው ከጀመሩ፣ ክርክሩ የሚቆመው አንደኛው በማስረጃ ስለረታ ሳይሆን የታዘዘው ዓሣ ተጠብሶ ስለቀረበ ነው። ሁለቱን በሶሏቸው፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ በሚወጣበት የዘፈን ክፍል፣ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ይቻላል።

በመጀመሪያ ሁለቱም የተጫወቱትን አንድ ዘፈን ይምረጡ። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ምርጫው ቀላል ነው። ሙስቴይን እ.ኤ.አ. በ1983 ከሜታሊካ ሲባረር ቦታውን የያዘው ሃሜት ነበር፤ ሙስቴይን ወደ ባንዱ ይዞት የመጣው «ሜካኒክስ» የተባለ ዘፈንም ሁለት መልክ ያዘ። ሜታሊካ ግጥሙን ቀይሮ፣ መሃሉ ላይ ዝግ ያለ ክፍል ጨምሮ፣ በዚያው ዓመት «ዘ ፎር ሆርስሜን» በሚል ስም ሲያወጣው ርዝመቱ ከሰባት ደቂቃ አለፈ። ሙስቴይን ደግሞ በ1985 ከአዲሱ ባንዱ ከሜጋዴዝ ጋር ምቱን አፍጥኖ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨረሰው።

ቀጥሎ የሚያዳምጡበትን ሁኔታ ያስተካክሉ። በባጃጅ ጫጫታ መካከል በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሶሎ፣ ከሥሩ ያለው ቤዝና ሪትም ጊታር ስለሚጠፋ፣ ብቻውን የተንጠለጠለ ይመስላል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ክፍል ሄድፎን ያድርጉ፤ ሶሎው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትንም ደቂቃ ይመዝግቡ።

ሦስተኛው ሥራ ማዘግየት ነው። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.5 ሲያወርዱት የድምፁ ቅጥነት ሳይለወጥ ጨዋታው ይዘገያል። አሁን እያንዳንዱን ኖታ ይከተሉ፦ ጠርዙ ስል ሆኖ የሚሰማው በፒክ፣ ማለትም በቀኝ እጅ በሚያዘው ትንሽ መምቻ፣ የተመታ ነው፤ ከቀደመው ጋር ተያይዞ የሚፈስሰው ደግሞ በግራ እጅ ጣት ብቻ የወጣ ነው። ከሁሉም አብልጬ የማየው ግን የሐረጉን መጨረሻ፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድ ኖታ ላይ የሚቆይበትን ቦታ ነው። ጎበዝ የማሲንቆ ተጫዋች ጭራው ላይ ጣቱን ሲያርገበግብ ማን እንደሆነ በድምፁ ብቻ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ጊታሪስትም ክሩን ገፍቶ ሲያርገበግበው ማንነቱ ይገለጣል። በፍጥነት ውስጥ ብዙ ስህተት ይደበቃል፤ በረጅም ኖታ ላይ መደበቂያ የለም። ርግብግቡ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ዘግይቶ ይጀምራል ወይስ ወዲያው? መልሱን በቃላት ይጻፉ፤ «አሪፍ ነው» የሚለው ማስታወሻ ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግርዎትም።

ቅኝቱንም በአፍዎ እያንጎራጎሩ ይፈትሹ። ሃሜት የሚያዘወትረው ባለ አምስት ኖታ ማይነር ስኬል፣ የትዝታ ሜጀርን ኖታዎች ከሌላ ኖታ ቢጀምሩ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ ከዚያ አምስት ኖታ ወጥቶ የሚሄድበትን ቦታ የኛ ጆሮ በቀላሉ ይይዘዋል። ሃሜት የሚጠቀምበትን የዋው-ዋው ፔዳል፣ ማለትም በእግር ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ «ዋው» የሚያሰኘውን መሣሪያ፣ በተመለከተ፣ ብዙ ሰው እንደ ማጭበርበሪያ ቢቆጥርበትም እኔ ነጥብ አልቀንስበትም።

ነጥብ ከመስጠትዎ በፊት ሜታሊካ በ1982 የቀዳውን የሙከራ ቅጂ ይስሙ፤ በዚያ ላይ ሊድ ጊታር፣ ማለትም ሶሎውን የሚያወጣውን ጊታር፣ የሚጫወተው ሙስቴይን ነው። ከዘ ፎር ሆርስሜን ጋር ጎን ለጎን ሲያደርጉት የሚመሳሰል ሐረግ ካገኙ፣ ያንን ለሃሜት ፈጠራ አይቁጠሩት።